የጉልበቴን ነገር የደበቅሁባቸው ቀናት

ጉልበቴ የተጎዳው ኳስ ስጫወት ነው። ይህችን አጭር ነገር ለመናገር ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ያኔ አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ቤቴ ቤርሼባ ውስጥ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ አዛውንቶችን በቤታቸው መርዳት ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ አራምዳለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ግን ከሥራ ስመለስ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ በልጄ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ከሰፈሩ እናቶች ጋር ካዱርሬሼት እጫወት ነበር። መረብ ኳስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኳሱን በመምታት ፈንታ ቀልቦ መልሶ መወርወሩ ነው። በሰባት ዓመቴ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ሥራ፣ ልጅ፣ ቤት እያልሁ ለራሴ ብዬ የያዝሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አጭር ነኝ፤ ስዘል ግን ረጃጅሞቹን እደርስባቸዋለሁ።

እናቴ ይህን አትወድም። የምትኖረው ሽኩና አሌፍ ነው። አንድ ቀን የስፖርት ልብሴን ቦርሳዬ ውስጥ አይታ፣ «ምነዋ ልጄ፣ የልጅ እናት ሁነሽ በጠባብ ሱሪ ሰው ፊት ትዘያለሽ?» አለችኝ። ሳቅሁና ቦርሳዬን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን የጨዋታው ቀን ሲደርስ «የወላጆች ስብሰባ አለብኝ» እያልሁ መሄድ ጀመርሁ። ውሸቱ የተጀመረው እንግዲህ ከጉልበቴ በፊት ነው።

ያን ቀን ኳሷ ከመረቡ ጫፍ ላይ መጣች። ዘልዬ ቀለብኋት፤ ሳርፍ ግን ቀኝ እግሬ ወለሉ ላይ እንደተተከለ ቀረና ገላዬ ወደ ሌላ ዞረ። ማንም አልነካኝም። ከውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁና ወለሉ ላይ ተዘረርሁ። ሴቶቹ ሮጠው ከበቡኝ። ሕመሙ ጥቂት ደቂቃ አንገበገበኝና በረድ አለ። ተነሣሁ፤ መቆምም ቻልሁ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁም» ብዬ ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ማውለቅ አቃተኝ።

በማግሥቱ እናቴ ደወለችና ድምፄን ስትሰማ፣ «ምን ሁነሽ ነው?» አለች።

«ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው፣ እማ።»

አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ከፊቴ ተቀምጣለች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ሆና ስወድቅ አይታኛለች። ስልኩን ስዘጋ በዕብራይስጥ፣ «ኢማ፣ ለምን ትዋሻለሽ?» አለችኝ። «አያትሽ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ ሄድሁ፤ ሐኪሟ ጉልበቴን ነካክታ፣ በዚህ ፍጥነት ያበጠው ውስጥ ለውስጥ ስለደማ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። የላይኛውንና የታችኛውን አጥንት አስሮ የሚይዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል ብላ ወደ አጥንት ሐኪም የሚልክ ወረቀት ጻፈችልኝ። ስወጣ፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኋት። «እንግዲያው እስክትታዪ ድረስ ሰው አትደግፊ» አለችኝ። እንዲህ ግልጽ አድርጋ ነው የነገረችኝ። አልገባኝም ማለት አልችልም።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ለጥቂት ቀን ጉንፋን ያዘኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። በሁለት ሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ፤ ቀጥ ብዬ ስሄድ ምንም አይሰማኝም። «ይኸው ዳነ» አልሁ። አልዳነም ነበር። ደረጃ ስወርድ፣ ወይም ከምድጃው ወደ ገበታው ድንገት ስዞር፣ ጉልበቴ ከሥሬ ሸተት የሚል ይመስለኝ ነበር። የሚያም ነገር አልነበረውም፤ ብቻ አይታመንም።

የምሠራው ለሃቪም በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር፤ ከቤርሼባ በባቡር አንድ ጣቢያ ነው። የምረዳቸው ሰው ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተቀይሮላቸው ስለነበር በየማለዳው እስከ መንገዱ መጨረሻ አራምዳቸዋለሁ። ከቀኑ ሁሉ የሚወዱት ያን ሰዓት ነበር። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ አባባ ብዬ እጠራቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ከዚያ ወዲያ በስማቸው ስጠራቸው አይመልሱልኝም። ሴት ልጃቸው የምትኖረው ሩቅ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች።

ወደ ሥራ ከተመለስሁ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖኝ ነበር። አንድ ማለዳ ክንዳቸውን ይዤ ስንሄድ ከጎረቤት ግቢ መኪና የኋልዮሽ ወጣ። ልስባቸው ብዬ በቀኝ እግሬ ላይ ዞርሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ ወደቅሁ፤ እሳቸውንም ይዣቸው ወደቅሁ። እጃቸውን ዘርግተው ነው አስፋልቱ ላይ ያረፉት። መኪናው አልነካንም። ነጂው ወርዶ አምቡላንስ ሲጠራ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ ነው» እል ነበር።

ሽማግሌው የተጣመመውን የእጅ አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው አዩኝ። «የቱ ጉልበት?» አሉ።

«ከአንድ ወር በፊት ደረጃ ላይ ተጎድቼ ነው። ነግሬዎት አላውቅም።»

«አሁንም አትንገሪ። አዞረኝ እላለሁ» አሉኝ።

«አባባ፣ እንዲህማ አይሆንም።»

«ይሆናል። ልጄን አውቃታለሁ። ከሰማች አንቺን ታሰናብታለች፤ እኔንም የሽማግሌዎች ቤት ልታስገባኝ ምክንያት ታገኛለች። ዝም በይ።»

ዝም አልሁ። ሆስፒታል እጃቸው በጀሶ ሲታሰር ልጃቸው እየሮጠች ደረሰች። አባቷን ሳመችና ወደ እኔ ዞራ አቀፈችኝ። «አንቺ አጠገቡ ባትኖሪ ምን ይሆን ነበር?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወጣቷ ሐኪም መጥታ ስለ ማዞሩ ጠየቀቻቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስም አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አብረሽ ነበርሽ። ከመውደቁ በፊት ምን አየሽ?»

አባባ አዩኝ። ልጃቸውም አየችኝ።

«ተንገዳገዱ» አልሁ።

ይህን ቃል ማንም በአፌ አላስገባውም። «አላየሁም» ማለት እችል ነበር። ሐኪሟ ግፊታቸውን ዝቅ እያደረገ የሚያዞራቸው መድኃኒቱ ይሆናል ብላ በግማሽ ቀነሰችው። ልጃቸው ደግሞ እስክትነግረኝ ድረስ ከቤት እንዳይወጡ አለች።

ለአሥራ አንድ ቀን እንዲያ ኖርን። በየማለዳው ግፊታቸውን እለካለሁ፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ይወጣል። ለማንም አልነገርሁም፤ ነገ ይወርድ ይሆናል እያልሁ ራሴን አታልል ነበር። በስድስተኛው ቀን ራሳቸውን አመማቸው፤ መጋረጃውን ዝጊልኝ አሉ። በዘጠነኛው ቀን ከወንበር ሲነሡ እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ያን ሁሉ ወር በእግር የሰበሰቡት ጉልበት በመቀመጥ ብቻ እየሟሸሸ ነበር። እኔም በፊታቸው እንዳላነክስ እየተጠነቀቅሁ ሻይ አመላልሳለሁ።

በአሥረኛው ቀን ደብተሩን አየሁና ዘጋሁት። አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «አባባ፣ ነገ ልጅዎ ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኋቸው።

«ተስማምተን አልነበር?»

«ግፊትዎ ወጥቷል። አንድ ነገር ቢሆኑብኝ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ጉልበቴን አዩት። ቀጥለው፣ «ደረጃው በጣም ቁልቁል ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የቱ ደረጃ?»

«የወደቅሽበት።»

ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «ደረጃ አይደለም። ኳስ ስጫወት ነው። ከሴቶች ጋር እጫወታለሁ» አልኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ሳቃቸውን ሰማሁ። ያመማቸውን ራስ ይዘው ይስቃሉ። «ነጥቡን አገኛችሁ?» አሉ።

«አላገኘንም። ኳሷ ከእጄ ወደቀች።»

«እሱ ነው የሚያሳፍረው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስሁ።

ልጃቸው ግን አልሳቀችም። ዓርብ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ያመጣችውን ምግብ ፍሪጅ ውስጥ እየደረደረች ሳለ ቆሜ ነገርኋት፤ ስለ ጉልበቴ፣ ሐኪሜ ሰው አትደግፊ ስላለችኝ፣ «ተንገዳገዱ» ስላልሁት። የፍሪጁን በር ከፍታ እንደያዘች ሰማችኝ።

«ስንት ቀን ሆነ?»

«አሥራ አንድ።»

«መድኃኒቱን እኮ በአንቺ ቃል ነው የቀነሱት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አንሥታ እኔ በእጄ የጻፍኋቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያየች ወደ ሐኪም ደወለች። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ስልኩን ስታስቀምጥ፣ «ሂጂ ታከሚ። እሑድ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። አባባ ክፍላቸው ውስጥ ተኝተው ነበር፤ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ወደ ባቡሩ ስሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ አነከስሁ።

እሑድ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። ወረፋው ደርሶኝ የአጥንት ሐኪሙ ጋ ስገባ ጉልበቴን አጥፎ የታችኛውን አጥንት በሁለት እጁ ወደ ራሱ ሳበው፤ ከዚያ ደህናውን እግሬን እንዲሁ ሳበ። የተጎዳው ሲንሸራተት የደህናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልዩነቱን እኔው ራሴ አየሁት። ኤምአርአይም ተነሣሁ። የፊተኛው ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ በቢላዋ ሊቀደኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ «መጀመሪያ ንገሪኝ፣ በዚህ እግር ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ ጡንቻው ከጠነከረ ብዙ ሰው ያለ ቢላዋ ይኖራል፤ ለጥቂት ወር በደንብ ሠርተሽ አሁንም የሚከዳሽ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን አለ።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ነች። ቀጥ ብዬ ስሄድ ለምን ደህና እንደምሆን የገባኝ ከእሷ ነው። ያ ጅማት በጣም የሚያስፈልገው ድንገት ስንዞር፣ ስንቆም፣ ከዝላይ ስናርፍ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ጠፋ ማለት ጉልበቱ ዳነ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ፣ ቀጥሎ የጭኔ ጡንቻ እንዲጠነክር፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆም፣ መጨረሻ ላይ መዝለልና ማረፍ። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም አለችኝ።

እዚህ ላይ ከውሸት የተማርሁ መስሎኝ ነበር። ግን ሌላ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ዩድ አሌፍ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ ምግብ አበስላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ እንቅስቃሴውን ለመሥራት አቅም አይኖረኝም። በአራተኛው ቀጠሮ፣ «ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ፣ «በየቀኑ» አልሁ። ሜትር አወጣችና ሁለቱንም ጭኖቼን ለካች።

«ይኼኛው ያው ባለፈው እንዳየሁት ቀጭን ነው። በየቀኑ የተሠራ ጭን እንዲህ አይሆንም» አለችኝ።

ያኔ የሆነብኝን መግለጽ ይቸግረኛል። አንድ ሽማግሌ እጃቸው ተሰብሮ፣ ሥራዬን አጥቼ፣ ስንት ነገር አልፎ፣ አሁንም አፌ ቀድሞኝ ዋሸ። ለማን? ለራሴ እግር። «በሳምንት አንዴ ነው የሠራሁት» አልሁ። «ጥሩ፣ እንግዲያው ለአንዴ የሚሆን ልስጥሽ፤ ከዚያ ሁለት እናደርገዋለን» አለችና ወረቀቱን ቀይራ ጻፈችልኝ። ጥርሴን ስቦርሽ በአንድ እግር እንድቆም፣ ሳበስል ወንበር ይዤ ቁጭ ብድግ እንድል አደረገችኝ። ቀላል ስለሆነ ሠራሁት። ልጄ አጠገቤ ቆማ «ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እየገባ ነው» እያለች ታርመኝ ጀመር፤ በዕብራይስጥ ታርመኛለች፣ በአማርኛ እመልስላታለሁ።

ለእናቴም ሄጄ ነገርኋት። ጉልበቴን በመዳፏ ደባበሰችና፣ «ታዲያ ደረጃው ምን በደለሽና ወነጀልሽው?» አለችኝ። ልጄ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግራት ኖሯል። ሁሉንም እያወቀች እኔ ራሴ እስክናገር ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። «ዝላዩን አልወድም። ውሸቱን ግን ከዝላዩ የባሰ አልወደውም» አለች።

ጉልበቴን ቢላዋ አልነካውም። ከስምንት ወር በኋላ ሁለቱ ጭኖቼ እኩል ሆኑ፤ ከደረጃ ስወርድ እጄ መደገፊያ ፍለጋ መሄዱን ተወ። ወደ አዳራሹ የተመለስሁት ግን ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ እሱም ፊዚዮቴራፒስቷ በአንድ እግር አዝልላኝ፣ አስሩጣ አዙራኝ፣ ከፈቀደችልኝ በኋላ።

ለሃቪም ለመሄድ የፈጀብኝ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ሁለት ጊዜ ባቡር ጣቢያ ደርሼ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ጊዜ፣ አንድ ዓርብ፣ ሄድሁ። በሩን ልጃቸው ከፈተችው። አየችኝ፤ እግሬንም አየችው። «ተኝቷል፤ ግቢ» አለች። ወጥ ቤት ተቀመጥን። እጃቸው እንደዳነ፣ ግፊታቸውም ደህና እንደሆነ፣ አዲሷ ረዳታቸው ማለዳ ማለዳ እንደምታራምዳቸው ነገረችኝ። ብቻ እስከ መንገዱ መጨረሻ መድረስ ቀርቷል፤ ከመካከል ይመለሳሉ። ይህን ስትል እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ እኔ ግን አሥራ አንዱን ቀን ቆጠርሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኋት።

የሻይ ጽዋዋን በጣቶቿ አዞረች። «አሁንም ያናድደኛል» አለች። «ግን አንድ ነገር አለ። ከመውደቁ በፊት ዓርብ ዓርብ ድንገት ስትዞሪ ስታነክሺ አይሽ ነበር። ሌላ ሰው መፈለግ ስለከበደኝ አልጠየቅሁሽም።»

ይህን ስሰማ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። እሷም የምታፍርበት ነገር እንዳላት አወቅሁ እንጂ የእኔው እዚያው ነው። «ባትጠይቂኝም መናገር የእኔ ድርሻ ነበር» አልኋት። «አዎ» አለችኝ። በቃ፤ ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ አላወራንም።

አባባ ሲነቁ አዲሷን ረዳት ጠሩ። እሷ ወጥታ ስለነበር እኔ ገባሁ። ለአፍታ አላወቁኝም፤ ከዚያ ፊታቸው በራና አልጋው ጫፍ ላይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ስለ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ነገሩኝ፤ ድምፅ የሌለው አውቶቡስ እንዴት አውቶቡስ ይባላል እያሉ ተቆጡ። የባቡሬ ሰዓት እስኪደርስ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማኋቸው።